የግራ እግር ፍሬን

አናጢው በጀሶ የታሸገ ግራ እጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጋራዡ በር ላይ ሲቆም፣ ታናሽ ወንድሙ መካኒኩ የአሮጌዋን ሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫ በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ቀና ሳይል ለምን እንደመጣ ገባው።

«ገዢ አግኝቻለሁ» አለ አናጢው። «ዛሬ ይወስዳታል።»

«የማንን ንብረት ነው የምትሸጠው ጋሼ?»

«ገዳዬን ነው የምሸጠው።»

መካኒኩ ሳቀ። ሞተሯ የዱሮ ሥሪት ናት፤ እንደ ዛሬዎቹ ሳትሆን ማርሿ በቀኝ እግር፣ ፍሬኗ በግራ ነው። አናጢው ዕድሜውን ሙሉ አዲሶቹን የነዳ ሰው ስለሆነ፣ ባለፈው ወር እሷን ይዞ ሲሄድ ጋሪ ድንገት ገባበትና በቀኝ እግሩ ረገጠ። ፍሬን ያዝኩ ሲል ማርሽ ቀየረና ከነሞተሯ ግንብ ላይ ተለጠፈ።

«ፍሬኑ በግራ ነው ብዬህ ነበር።»

«የነገርከው ለጆሮዬ ነው። እግሬ የት ሰምቶ!»

«የዛሬዎቹ ሲበላሹ ኮምፒውተር ካልመጣ ይላሉ። እሷን በሁለት ቁልፍ እፈታታታለሁ። ስትነሳ ደግሞ ድምፅዋን የሰማ ሁሉ ዞሮ ያያል።»

«ሬሳም ሲያልፍ ሰው ዞሮ ያያል። ብርድ ከነካት አትነሳም፤ ዘይቷን እንደ ሕፃን ንፍጥ ስትጠርግ ትውላለህ። ነገ ደግሞ አንተ ትለጠፋለህ። እናታችን ስትሞት አደራ ያለችኝ አንተን ነው፤ ብረት አይደለም።»

«እኔ እንዳንተ ደደብ አይደለሁም።»

አናጢው ከመደርደሪያው መዶሻ አንስቶ የነዳጅ ታንከሯን ነደላት።

ሁለተኛው ምት ሳያርፍ መካኒኩ በግንባሩ ገጨው። የአናጢው አፍንጫ ፈነዳ። ደሙን ተፍቶ በመዶሻው እጀታ የታናሹን የፊት ጥርስ አረገፈ። ነዳጅና ዘይት በተጨማለቀው ሲሚንቶ ላይ ተያይዘው ወደቁ። አናጢው በደህናው እጁ የወንድሙን ፊት ቧጠጠ፤ መካኒኩ አባት ሆኖ ያሳደገውን ሰው ጉሮሮ አንቆ በጉልበቱ ተጫነው። ጉልበቱ የት እንዳረፈ አላየም። መጀመሪያ ጀሶው ሲሰነጠቅ ሰማ፤ ከዚያ ከጀሶው ሥር ሌላ ነገር ቋ አለ። አናጢው እንደሚታረድ በሬ አጓራ።

መካኒኩ እጁን ከጉሮሮው ላይ አነሳ። «ጋሼ! ጋሼ፣ ተነስ ልውሰድህ።»

«በምን? በእሷ?»

በእግራቸው ሄዱ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሟ የተሰነጠቀውን ጀሶ ቀድዳ የአጥንቱን ጫፍ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። የአናጢውን አንገት፣ የመካኒኩን የተላጠ ጉልበት አየች።

«ማነው እንዲህ ያደረገዎት? ለፖሊስ ልደውል?»

«ሞተር ናት» አለ አናጢው።

«አንገትዎንስ?»

«እሷው ናት። እሱም ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። ፍሬን የላትም።»

መካኒኩ አፉን ከፈተ። ፍሬኗን በገዛ እጁ ነው የሠራው፤ እንደ ምስማር ይተክላታል። ዛሬ ደግሞ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

«እውነት ነው?» አለችው ሐኪሟ፣ ስልኳን እንደያዘች።

አናጢው አላየውም። ጥርሱን ነክሶ ኮርኒሱን ያይ ነበር።

መካኒኩ ደሙን ዋጠ። «የላትም። ፍሬን የላትም።» ወደ ወንድሙ ጎንበስ አለ። «ትሂድ ጋሼ። ገዢው ይውሰዳት።»

«እሺ ዶክተር» አለ አናጢው፣ «አሁን እጄን ያቃኑት።»