ናና አይታመምም

ባዱን ሳየው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። የባሌ አፍ እሱ ነው። ባሌ የመንደራችን ባላባት ነው፤ ባላባት ደግሞ በአደባባይ ለሰው በቀጥታ አይናገርም፤ ሰውም ለባላባት በቀጥታ አይናገርም። መሀል ላይ ባዱ በወርቅ የተለበጠ በትሩን ይዞ ይቆምና የመረረውን ቃል አጣፍጦ ያሳልፋል። ለሙግትና ለእርቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚስተካከለው የለም። ግን ምን ቆርጦት ነው ሐኪም ቤት ድረስ ተከትሎን የሚገባው?

ባሌ ናና አሞአቴንግ፣ ባላባትን ናና ነው የምንለው፣ የፕሮስቴት ካንሰር ይዞት ኩማሲ ከተማ ጨረር ተደርጎለት ነበር። ዳነ ተባለ። በግ አረድን፣ ከበሮ ተመታ፣ እኔም ዕድሜዬን ረስቼ ጨፈርኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የደም ምርመራው ቁጥር ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ተመልሷል አሉን። ዶክተር ዶንኮር የኛው አገር ልጅ ነው፣ ገና ወጣት። እንዲህ አለን፦ «ከእንግዲህ ጨርሰን አናጠፋውም፤ በመርፌ ግን እናስተኛዋለን። እኔ የምፈራው አጥንት ውስጥ እንዳይገባ ነው። ወገብ ካመመ፣ እግር ከደነዘዘ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ኑ።»

መርፌው ባሌን በላብ ያጠምቀው ጀመር። ችሎት ተቀምጦ ሳለ ድንገት ሙቀት ሽቅብ ይወጣበትና ማራገቢያ አምጡ ይላል። እኛ ሴቶች ስናረጅ የምናውቀው ሙቀት እኮ ነው። ብቻችንን ስንሆን፣ «አሁን ገባህ?» እለዋለሁ። «ዝም በይ፣ አንቺ ምላሳም!» ይለኝና ይስቃል። ያኔ ገና እንስቅ ነበር።

ከፋሲካ ወዲህ ጧት ከአልጋ ሲነሳ ወገቡን ይዞ ማቃሰት ጀመረ። ለሰው እንዳትናገሪ አለኝ። የአክስቱ ልጅ የአባቶቹን ዱካ፣ የባላባትነቱን መቀመጫ፣ ለመውረስ አሰፍስፎ እንደሚጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን።

«ለሐኪሙ ብቻ ንገረው» አልኩት።

«ባዱ ይናገራል» አለኝ።

ባዱማ ተናገረለት! ዶክተሩ ባሌን ፊት ለፊት አልጠየቀውም፤ አስተዳደጉ አይፈቅድለትማ። ወደ ባዱ ዞሮ፣ «አባቴ፣ ናናን ወገባቸውን ያማቸው እንደሆነ ይጠይቁልኝ» አለ።

ባዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። ወደ ባሌ ዞር እንኳ አላለም። «ናና አይታመምም። ለመሆኑ ዝሆን ወገቤን አለ ሲባል ሰምተሃል?»

«እግራቸውስ አይደነዝዝም?»

«መንደር ሙሉ የተሸከመ እግር ነው ልጄ! ምን ነካህ?»

ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ «ዶክተር፣ ኧረ ወገቡ! ጧት ጧት መነሳት አቅቶን—» ከማለቴ ባዱ ሳቁን ለቀቀው።

«አቅቶን ስትል ሰማህ? የራሷን ወገብ እኮ ነው። እርጅና መጥቶባት በናና ታሳብባለች።»

ነርሷ ሳቀች፣ ዶክተሩም ሳቀ። ባሌ ግን አልሳቀም፤ ዝም በይ በሚል ዐይን አፈጠጠብኝ። ይባስ ብሎ ዶክተሩ ለእኔ የወገብ ክኒን አዘዘልኝ። ወይ ጉድ! ቤት ስንገባ ክኒኑን ባሌን አስዋጥኩት፣ ሕመሙም ረገብ አለለት፣ ዳንኩ አለ።

ከሐኪም ቤቱ ወጥተን መኪናው ጋ ስንደርስ ባዱን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ባሌን ልትገድልብኝ ነው?» ብዬው ነበር።

«እመቤቴ፣ ናና ታመሙ የሚል ቃል ከኔ አፍ ከወጣ ማግስቱን ባላባት የለንም» አለኝ። ክፋት የለውም እኮ፤ ይወደዋል። ይሄ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

በያም በዓል፣ አዲሱ የሥራ ሥር ምርት በሚቀመስበት ቀን፣ ባሌ ከዱካው ሊነሳ ፈልጎ አልተነሳም። ከበሮው ቆመ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ባዱ፣ «ናና ገና ቁጭ ብለው ሊያዩዋችሁ ይፈልጋሉ!» ብሎ ጮኸ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። እኔ ግን ሁለት እግሮቹ እንደ እንጨት ደርቀው አየኋቸው። በጨርቅ ጋርደን መኪና ውስጥ አስገባነው።

ኩማሲ ላይ ዶክተሩ የጀርባውን ራጅ አይቶ ሲያበቃ ባዱን ትቶ በቀጥታ ለባሌ ተናገረ። «አባቴ፣ ካንሰሩ የጀርባዎ አጥንት ውስጥ ገብቶ ወደ እግርዎ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። ሕመሙ እንደጀመረ ብሰማ ኖሮ ጨረር ሰጥቼ አቆመው ነበር። አሁን ማስታገስ እንጂ እግርዎን መመለስ አልችልም።» ባዱ በትሩን ይዞ ቆሞ ነበር። ሊያጣፍጠው የሚችለው ቃል አልነበረም።

እና ቤት መለስነው። ባዱ ጧት ጧት ይመጣል፤ ከደጅ የተሰማውን ይነግረዋል። አንድ ቀን ከወንበሩ ላይ ደግፌ ላስተካክለው ስል አንዱ እግሩ ከጫማው ወጥቶ ባዶውን ወለሉ ላይ አረፈ። የባላባት እግር ባዶውን መሬት አይነካም። ሽማግሌዎች ባላባት ሲሽሩ እኮ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ጫማውን አውልቀው መሬት ያስረግጡታል። ባሌ እግሩን ማየት አይችልም፣ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ነበር። ደንግጬ ጎንበስ ስል ግን አየኝ።

«ባዱ» አለ፣ «እግሬ መሬት ነክቷል እንዴ?»

ባዱ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

«አልነካም ናና» አልኩት። «ጫማዎ ላይ ነው።» እግሩን የነካውን አፈር በቀሚሴ ጠርጌ እግሩን ወደ ጫማው መለስኩት፣ እሱም አመነኝ።