ሦስተኛው እምቢታ

ወይዘሮ ቦጋለች ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ብዙ ከቆዩ በኋላ «እምቢ» የሚለውን በጣታቸው ጫን አደረጉት። ስክሪኑ ጠቆረ። ድንጋይ የተሸከመ ሰው አስከትለው ደጅ የቆሙት ሽማግሎች ጠፉና «ቂሙ ለልጅ ልጅ ተረፈ። ጨዋታው አበቃ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«በቃ?» አሉ ልጃቸውን ቀና ብለው እያዩ።

«በቃ። መረጥሽ'ኮ፣ እማዬ።»

ልጃቸው የዓለምዘርፍ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ይህን ጨዋታ መሥራት ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ነገ ጠዋት ደሴ ለሚደረግ ውድድር ልትልከው ነው። ተጫዋቹ የቅርብ ሰው የሞተበት ሐዘንተኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሽማግሎች ይመጣሉ፤ «እሺ» ወይም «እምቢ» ይላል። ሐሳቧ ሰው በሌላው ሐዘን ገብቶ ምርጫው እንዲጨንቀው ነበር። ማንም አልጨነቀውም። ተማሪዎቿ «እሺ» ላይ እየተጫኑ በሁለት ደቂቃ ጨረሱና «ቀላል ነው፣ ቲቸር» አሏት። የአንገት በላይ ይቅርታ መሆኑ ገባት። ስለዚህ ዛሬ እሑድ፣ ፈራ ተባ እያለች፣ በእውነት ለተጎዳ ሰው ሰጠችው።

ታናሽ ወንድሟ ውበቱ የዛሬ ሁለት ዓመት በከላላ መንገድ ላይ ባጃጅ ገጭቶት ነው የሞተው። ነጂው ሁዜይፋ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ከውበቱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተማረ። ታስሮ ወጣ። ከወጣ ወዲህ ግን በደጃቸው አያልፍም፤ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ነው ቤቱ የሚገባው። ሽማግሎች ሁለት ጊዜ ድንጋይ አሸክመው ይዘውት መጡ። ወይዘሮ ቦጋለች ሁለቴም «እምቢ» ብለው መለሷቸው።

አሁንም ጥቁሩን ስክሪን እያዩ ናቸው።

«ተመልሰው አይመጡም?»

«እነማን?»

«ሽማግሎቹ ናቸዋ። ልጁ የሞተበት ሰው እንደ መጡ እሺ ይላል? እንዲህማ የሞተውን ማርከስ ነው። እምቢ ትያለሽ፤ ይሄዳሉ። ይመጣሉ፤ ደግሞ እምቢ ትያለሽ። ሲመላለሱልሽ ነው ልብሽ የሚላላው።» ስልኩን መለሱላት። «እኔ እንጃ፤ የዘንድሮ ሽማግሌ ግን ቶሎ ይደክመዋል።»

ይህን ያሉት ወደ ግቢው እያዩ ነው። ግድግዳው ሥር ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ተዘርግተዋል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያወጧቸዋል፤ ሊመሽ ሲል ያስገቧቸዋል። የዓለምዘርፍ ፀሐይ ለመሞቅ ይመስላት ነበር። ለአንድ ሰው ፀሐይ መሞቂያ ሁለት አግዳሚ ምን ይሠራል?

ለማን እንደሚወጡ አሁን ገባት። ባለፈው ጥቅምት ሽማግሎቹን እስከ በር ሸኝታ ያለችውን እናቷ አያውቁም። «እናቴ መልሷን ሰጥታለች፤ ደግማችሁ አታስጨንቋት» ነበር ያለቻቸው። የእናቷን ቃል ያከበረች መስሏት ነበር። ሽማግሎቹም ቃሏን አክብረው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሆኗል።

«መጣሁ» ብላ ወጣች።

ከሽማግሎቹ ሁለቱን፣ አባ አሻግሬንና ሼህ ረመዳንን፣ አባ አሻግሬ ደጃፍ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሰላምታዋን ሼህ ረመዳን «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተቀበሏት። አባ አሻግሬ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«ምን እግር ጣለሽ?»

«ያን ዕለት አትምጡ ያልኳችሁ ከራሴ ነው። እማዬ አላዘዘችኝም።»

«አሁን እሺ አለች?»

አዎ ብትል ይገላግላት ነበር። አንድ ቃል ናት።

«አላለችም። ብትመጡም እምቢ ነው የምትላችሁ።»

ሽማግሎቹ ተያዩ።

«ታዲያ ምን ልንሠራ እንምጣ?»

«እሑድ እሑድ ወንበር ታወጣለች» አለች። እንባዋ መጣ። «እኔ አላወቅሁም ነበር።»

አባ አሻግሬ ግድግዳው ላይ ያስደገፉትን ከዘራ ሳቡ።

«ስንት ወንበር?»

«ሁለት አግዳሚ።»

ሼህ ረመዳን ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ ተነሡ።

«ሁዜይፋን ጥሩት» አሉ። «ወንበሩ ሳይገባ፣ ድንጋዩን ይዞ ይምጣ።»