አውቶቡሱ ግማሽ ሰዓት ይቆማል

አሁን እነሳለሁ፣ ይቺን እጅጌ ተርትሬ ልጨርስና እነሳለሁ፣ እላለሁ ደግሞም አልነሳም፣ ከሰኞ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ፣ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ የልጄ አውቶቡስ ስምንት ሰዓት መናኸሪያ ይገባል፣ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ወደምትሠራበት ከተማ ይዟት ይሄዳል፣ ሁለት ዓመት ያላየሁትን ፊት በግማሽ ሰዓት፣ እሱም ካስፈቀድኩ ነው።

አለቃችን መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ ቆማለች። በልጄ ዕድሜ ናት፣ አንቺ ትለኛለች፣ አንቱ እላታለሁ። የጫማዋ ኮቴ ሲሰማኝ ይበልጥ አጎነብሳለሁ፣ ጠዋት መጥታ ከኋላዬ ቆመች፣ ትንፋሿን ሰማሁ፣ በቃ፣ እጄ የኔ መሆኑ ቀረ፣ የአስራ አንድ የተማሪ ሸሚዞችን የግራ እጅጌ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ገጥሜ ቁጭ። ሃያ ዓመት የሰፋሁ ሴትዮ። አንዱን አንስታ ለሁሉም አሳየች፣ ይኼን የሚለብስ ልጅ ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚሄደው፣ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እንባዬን ጨርቁ ጠጣው።

ለሌላው እኮ ምንም አይደለም። አጠገቤ የምትሰፋው ቀልደኛዋ፣ ይቺ አለቃ እኮ ከመስታወቷም ጋር ተጣልታ ነው የምትመጣው፣ በዚህ ጆሮሽ ሰምተሽ በዚያኛው አፍስሺው እትዬ፣ ትለኛለች፣ እኔ ማፍሰሻው የለኝም፣ የገባ ይቀራል፣ ሽንኩርት ስከትፍ ይናገረኛል፣ ስጸልይ መሃል ይገባል፣ ጌታ ሆይ የዚችን ሴት ልብ አራራልኝ እልና መልሼ የኔንስ ለምን እንዲህ ስስ አደረግኸው እላለሁ፣ ይቅር በለኝ፣ መጠየቄ ነው እንጂ ማማረሬ አይደለም።

ልጄም እንደኔው ናት። ትንሽ ሆና፣ ገና በሩን ስከፍት ፊቴን አይታ፣ እማዬ ዛሬ ማን ተቆጣሽ፣ ማንም፣ ማንም የኔ እናት፣ ያ ለስላሳ እጇ ጉንጬ ላይ፣ በስልክ እጅ አይመጣ፣ ድምፅ ብቻ፣ ደህና ነኝ እማ ደህና ነኝ፣ ሁለቴ ስትለው አንዱ ውሸት ነው።

ስድስት ከሃምሳ። ቆሜያለሁ። ማን አስነሳኝ፣ መቀሱ እጄ ላይ ነው ምን ልትል ነው፣ ኪሴ ከተትኩት፣ ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ላስቸግርዎ፣ ልጄ በመናኸሪያ ታልፋለች። ቀና አትልም፣ ስንት ቀረሽ፣ አራት፣ ጨርሰሽ ሂጂያ። አራት ማለት ተርትሮ መልሶ መስፋት ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ እሺ ልል ነው፣ አፌ እሺን ለምዷል፣ አልደርስም፣ ሰኞ ቀድሜ ገብቼ እጨርሳለሁ፣ አሁን ግን ልጄን ላያት ነው። ማነው የተናገረው። የስፌት መኪኖቹ ቆሙ። ቀና አለች፣ ታዲያ ተገትረሽ ምን ታይኛለሽ፣ ሂጂ!

ሂጂ፣ ውሻ እንደሚያባርሩ፣ ደረጃው ላይ ሂጂ፣ አስፋልቱ ላይ ሂጂ፣ ፈቅዳልኝም ያመኛል፣ ተመስገን ግን፣ ተመስገን፣ መናኸሪያው ከተማው ዳር ነው፣ ታክሲው በየፌርማታው ይቆማል፣ ሰው አይሞላም፣ ወርጄ እሮጣለሁ፣ በዚህ ጉልበቴ።

ስምንት ከሃያ፣ አውቶቡሱ ቀድሞኛል። መስኮቱ ላይ አንድ ቀጭን ፊት፣ የኔ ናት፣ እንዴት ከስታለች፣ ወረደች፣ አንገቴ ስር ገባች፣ እማዬ እኔ ጋ ያለው አለቃ እኮ፣ ትልና እንባዋ አንገቴ ላይ ይወርዳል፣ ወይ ልጄ፣ አንቺም፣ ጸጉሯን እዳብሳለሁ፣ ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ የኔ እናት፣ ጊዜ አለን፣ እላታለሁ።