ሲስተር ያለምወርቅ የሰረዙት ትምህርት

ሥልጠና የሚባል ነገር አልወድም። የመምህራን ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ማስተማር እንጂ መማር አይሆንልንም። ያን ጊዜ ጂንካ ውስጥ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ አስተምር ነበር። በሥልጠናው አንዳችን ስናስተምር ሌላችን ሰዓትና ቅጽ ይዘን እንድንመዝን ታዘዝን። ለእኔ የደረሱኝ ሲስተር ያለምወርቅ ናቸው፤ ያውም አዋላጅነትን ያስተማሩኝ መምህሬ!

ሲስተር የሕፃን አሻንጉሊቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። «ተወልዶ አልተነፈሰም» አሉና አፍና አፍንጫውን በመምጠጫ ጎማ መምጠጥ ጀመሩ። አሁንም መጠጡ። እኛንም ያስተማሩን እንዲሁ ነበር፤ መጀመሪያ ደህና አድርጎ መምጠጥ። አዲሱ መመሪያ ግን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በአምቡ ባግ፣ በእጅ በሚጨመቀው የአየር ከረጢት፣ አየር ስጡ ይላል። እሳቸው ባጉን ሲያነሱ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ነበር።

ቅጹን አንስቼ «አሟልተዋል» የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ ስል እጄን ያዙኝ።

«ሚልክያስ፣ ያየኸውን ጻፍ።»

«ሲስተር፣ አሻንጉሊት እኮ ነው።»

«ተማሪዎቼ የሚያዋልዱት አሻንጉሊት አይደለም።»

ጻፍኩ። እኔ ብሆን ሳምንት ሙሉ አኮርፍ ነበር። እሳቸው ግን ያስመረቋቸውን አዋላጆች ስም ዝርዝር አውጥተው ስልክ መደወል ያዙ። በስልክ ያልተገኙት ጋ በአካል ሄዱ። ዲመካ ከተማ በሚኒባስ ደርሰው ተመለሱ። እኔም አብሬያቸው ወደ ሃና ስሄድ ግን መኪና ጠፍቶ ሁለት ቀን ጠብቀን በጭነት መኪና ወጣን፤ እሳቸው አሻንጉሊቱን ታቅፈው። እውነቴን ነው፣ ኮራሁባቸው።

ከተማሪዎቻቸው አንዷ ምህረት በሃና መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ብቸኛዋ አዋላጅ ናት። ሲስተር ሳይቀመጡ «ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ» አሏትና አዲሱን አሠራር አሳዩዋት። ምህረትም ሞከረችው፤ አርባ ሰከንድ ሳይሞላ የአሻንጉሊቱ ደረት ከፍ አለ። ከዚያ ባጉን አስቀመጠች።

«በጥቅምት አንድ ልጅ ነበር» አለች። «እየመጠጥኩለት ሳለ ሞተብኝ። እጄ ቀርፋፋ ሆኖ ነው እያልኩ ይኸው እስከዛሬ እንቅልፍ የለኝም።»

እኔ ብሆን «ምናልባት በአዲሱም አሠራር አይተርፍም ነበር» ብዬ አልፈው ነበር። ሲስተር ግን ሁለት እጇን ያዙ።

«ምህረት፣ ያስተማርኩሽን አንድም ሳታጎድዪ ነው የሠራሽው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያን ልጅ ከዛሬ ጀምሮ እኔ እሸከመዋለሁ፤ አንቺ ተኚ።»

ምህረት ጋውኗን ፊቷ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። ሲስተር እስኪወጣላት ጠበቋት። ከዚያ አሻንጉሊቱን ወደሷ አስጠጉና፣ «በይ እንግዲህ፣ እንደገና አሳዪኝ» አሏት።