ዜሮ የሚጻፍበት ረድፍ

4.

የሳንባ ሕክምና ወጪ፦ 0

ከዚህ ልጀምር። ከአንድ እስከ ሦስት ያለው የጥናታችን የመግቢያ ወግ ነው፤ በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽያጭና ማስታወቂያ ላይ የተጣለው ገደብ መንግሥትን ምን ያህል ገቢ አሳጣው ብሎ ይጠይቃል። ጥናቱን ያዘዘን አንድ የዚሁ ሲጋራ አስመጪ ነው። መልሱንም አብሮ አዟል።

5.

በእኛ ቢሮ ባዶ ረድፍ ነውር ነው። መረጃ ከሌለ ዜሮ ይጻፋል። ይህን የቢሮ ደንብ ያወጡት አለቃዬ አቶ ተካልኝ ናቸው፤ ባዶ ቦታ ደንበኛ ያስደነግጣል ይላሉ። ስለዚህ በገደቡ ምክንያት የቀረው ቀረጥ ገጽ ሞላ፤ ገደቡ የሚያድነው የሕክምና ወጪ ግን መረጃ የለውምና ዜሮ ሆነ። ሳሩን እንጂ ገደሉን የማያይ በሬ ሲባል ሰምታችኋል? እኛ ነን።

6.

ሶስና ልጄ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራውን የገዛችው ከመዋቢያ ሱቅ ነው፣ ከሊፒስቲኩ አጠገብ፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚሸተውን። ገደብ አለ አይደል? አለ፣ ወረቀት ላይ። ይኸው አሁን ሳንባዋ ተጎድቶ ሆስፒታል ተኝታ በኦክስጅን ትተነፍሳለች፤ እኔ ደግሞ በንዴት አርራለሁ።

7.

ሶስና፦ አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?

እኔ፦ ጥናት።

ሶስና፦ ስለ ምን?

እኔ፦

8.

ሰው ሲታመምብን ቢሮ ውስጥ ፖስታ ይዞራል። ዛሬ ጸሐፊያችን ወይዘሮ እቴነሽ የእኔን ይዘውልኝ መጡ። ላዩ ላይ "ለሶስና ሳንባ ሕክምና" ይላል፤ ከሥሩ የእያንዳንዱ ስምና ያዋጣው። መጀመሪያ ላይ አቶ ተካልኝ፣ ከሁሉም አብልጠው። ደግ ሰው ናቸው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

9.

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ ሰነዱን ከፍቼ ዜሮውን አጠፋሁ፤ በቦታው ፖስታው ላይ ያለውን ድምር ጻፍኩ። የግርጌ ማስታወሻም ጨመርኩ፦

¹ ምንጭ፦ የዚህ ቢሮ ሠራተኞች መዋጮ። ቀዳሚው አዋጪ የጥናቱ ኃላፊ ናቸው።

10.

አቶ ተካልኝ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ደምሰው፣ እኔ እኮ ለልጅህ ነው የሰጠሁት።"

"እኔም ስለ እሷ ነው የጻፍኩት።"

 ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህ ከወጣ ደንበኛው እንደማይከፍል፣ እሱ ካልከፈለ ደግሞ ደመወዝ እንደሌለ ነገሩኝ። ዜሮውን መልሰህ ፈርም አሉ።

ኦክስጅኑ የሚከፈለው ከደመወዜ ነው።

11.

የምታነቡ ሰዎች፣ ዝም ብላችሁ አትዩኝ። እስክሪብቶው ይኸው። ፖስታውም አጠገቡ ነው።

4.

የሳንባ ሕክምና ወጪ፦