ከጋዙ ጀርባ የደበቅኩት ቆርቆሮ

ልጄ መነን ዩኒቨርሲቲ ገብታ «የኢንዱስትሪ ዲዛይን ደረሰኝ» ብላ የደወለችልኝ ቀን፣ እልል ልበል ወይስ ላልቅስ ግራ ገብቶኝ ነበር። ምኑን አውቄው! «ፋብሪካ ነው?» አልኳት። «ኧረ እማ! ዕቃ ነው። ወንበር፣ ማንቆርቆሪያ፣ ጀሪካን… ሰው የሚጠቀምበት ነገር ሁሉ እንዴት ቢሠራ እንደሚሻል ነው የምንማረው» አለችኝ። ወይ ጉድ! እኔ ጅቡቲ ድረስ መጥቼ በሰው ቤት ወገቤ የሚቆረጠው ልጄ ጀሪካን እንድትማር ነው? ሐኪም ትሆናለች ብዬ ስንት ሻማ አብርቻለሁ። ካርቲየ አራት በሚባለው ሰፈር ያሉ ጓደኞቼ «ልጅሽ ምን ትማራለች?» ባሉኝ ቁጥር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ኢንጂነሪንግ» እያልኩ አምስት ዓመት ዋሸሁ።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ በመመረቂያዋ ዓመት፣ መጋቢት ላይ ደወለች። «እማ፣ የመመረቂያ ሥራዬን አንቺ ላይ ልሠራው ነው።»

«እኔ ላይ? ምን አድርጌሽ?»

ከት ብላ ሳቀች። ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ አንድ ሠራተኛ ሰው ይመርጣሉ፤ ሥራውን ቁጭ ብለው ያያሉ፤ ከዚያ ለዚያ ሰው የሚሆን ዕቃ ሠርተው፣ ሰውየውን አስሞክረው፣ መምህራን ፊት ያቀርባሉ። መምህራኑ ካልተቀበሉት ምረቃ የለም። እሷ ደግሞ ለእኔ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ልትሠራ አስባለች። አሠሪዬ ማዳም ሐምዲያ ቤት በሳምንት ሠላሳ ሸሚዝ እንደምተኩስ ስነግራት በልቧ ይዛው ኖሮ፣ «ከአንቺ የተሻለ ሰው ከየት አመጣለሁ?» አለችኝ። ደስ ባለኝ ነበር፣ ይሄ ጉልበቴ ባይኖር።

የጉልበቴን ነገር ልንገራችሁ። ቀኝ ጉልበቴ ከታመመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ስሄድ አያስታውቅም፤ ቆሜ ስቆይ ነው እንደ ሊጥ ኩፍ የሚለው። ስለዚህ የምተኩሰው ኩሽና ውስጥ፣ የዘይት ቆርቆሮ ገልብጬ እላዩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሽንኩርት የምከትፍባት አጭር ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ ነበር። ይህን ለመነን ትንፍሽ አላልኩም። ጥር ላይ «ድምፅሽ ደከመብኝ፤ አንቺ ግቢ፣ እኔ ትምህርቱን ልተወውና ልምጣ» ብላኝ ነበር። ከሰፈራችን እንደዚያ ብለው ወጥተው፣ እዚህ ሰንብተው፣ በኦቦክ ወደብ በኩል ወደ የመን የተሻገሩ ልጆች አውቃለሁ። የአንዳንዶቹ ድምፅ እስካሁን አልተሰማም። ጉልበቴን ካየች ደብተሯን ወርውራ በእኔ ቦታ ትቆማለች። ያን ከማይ ጉልበቴ ቢበጠስ ይሻለኛል።

ሚያዝያ ላይ መጣች። ባቡሩ እዚህ ናጋድ ጣቢያ ድረስ ደርሷል ይባላል እንጂ እኛን መጫን ገና ስላልጀመረ፣ በአውቶቡስ አቧራ ለብሳ ነው የደረሰችው። ማዳም ሐምዲያ «ከእናቷ ክፍል ትደር፤ ወላሂ ሌላ የትም አትሄድም» ብላ ሦስት ሳምንት ፈቀደችላት።

እኔ ደግሞ ልጄ ሳትደርስ ቆርቆሮዬን ከጋዙ ሲሊንደር ጀርባ ወሸቅኩት። በማግስቱ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን የማደርገውን ባለ ታኮ ጫማ አደረግኩ፣ አዲስ ቀሚሴን ለበስኩ፣ የማዳምን ረጅም የምግብ ጠረጴዛ ያዝኩና ካውያዬን ጨብጬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከዩኒቨርሲቲ ሊያዩኝ መጥተው በነጠላ ጫማ ልጠብቅ እንዴ? እውነቱን ለመናገር ጉልበቴን ለመደበቅ ብቻ አልነበረም፤ አምሮብኝ መታየትም ፈልጌ ነበር።

«ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትተኩሺው?»

«ታዲያ የት ልተኩስ?»

«ቆመሽ?»

«ተኝቶ የሚተኩስ አለ?»

ሁለት ቀን አየችኝ። ማየት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ክርኔ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ በሜትር ለካች። አንድ ሸሚዝ ለመጨረስ ስንቴ እንደምጎነበስ ቆጠረች። የካውያው ገመድ የት የት እንደሚጠላለፍብኝ ሣለች። ውሃ የምረጭባትን ጠርሙስ በየትኛው እጄ እንደማነሣት እኔ እንኳ አላውቅም ነበር፤ እሷ አወቀች። ማንም፣ እኔ ራሴም ጭምር፣ ቁም ነገር ብሎ ያላየው ሥራ እዚያ ደብተር ላይ ገጽ በገጽ ሲሞላ ሳይ፣ «ከዛሬ ወዲያ ኢንጂነሪንግ ነው ብዬ አልዋሽም» አልኩ በልቤ። ግን በዚያው ልክ ጸጸት ይበላኝ ጀመር። የለካችው ክርን ታኮ ላይ የቆመ ክርን ነዋ! እሷ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ጉልበቴን በቅባት አሸዋለሁ፤ ስትወጣ ቀሚሴን ጎትቼ ቁጭ እላለሁ።

ሥዕሏን ስትጨርስ ካርቲየ አራት በያጁ ጫላቸው ዘንድ ወሰድኳት። ጫላቸው ዕድሜውን በርና አልጋ ሲበይድ የኖረ፣ ነገር በቶሎ የማይዋጥለት ሰው ነው። ሥዕሉን አገላብጦ አየና «አንቺ አበሩ፣ ይቺ ልጅሽ በሚሊሜትር ነው እንዴ የጻፈችው? እኔ እኮ የምሠራው በስንዝር ነው» አለ። መነን አልሳቀችም። ከጎኑ ቆማ እያንዳንዱን ብረት አብራው ለካች፤ አንዱ እግር ሁለት ሚሊሜትር አጠረ ብላ እንደገና አስፈታችው። ሲነጫነጭ ውሎ ማምሻው ላይ «ሠላሳ ዓመት ስበይድ እንዲህ ያረመኝ የለም» ብሎ ሻይ ጋበዛት። ጠረጴዛው ሲያልቅ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ የገመድ ማንጠልጠያና የሸሚዝ መስቀያ ያለው፣ የሚያምር ነገር ሆነ። ጤነኛ ጉልበት ላለው ሰው የሚያምር።

የሙከራው ቀን ደረሰ። ጠዋቱን ሙሉ ልተኩስበት ነው። መነን ስልኳን መደርደሪያ ላይ አቁማ ቪዲዮ ከፈተች። እስከ አራተኛው ሸሚዝ ጀግና ነበርኩ። ሰባተኛው ላይ ጉልበቴ ይመታኝ ጀመር። አሥረኛው ላይ ላቤ በጀርባዬ ተንቆረቆረ፤ ግን ጅቡቲ ውስጥ ላብ ማንን ይገርማል? «እንዴት ነው እማ?» ስትለኝ «ድንቅ ነው! እስከዛሬ የት ነበርሽ!» አልኳት።

ከምሳ በኋላ፣ ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ተቀምጠው ከተማው ጸጥ ሲል፣ እኔ ጋደም አልኩ። መነን ቪዲዮዋን ስትደጋግም ቆይታ ኩሽና ገባች። ተነሥቼ ስሄድ ያ ቆርቆሮዬ ኩሽናው መሃል ተቀምጧል።

«ይሄ የማን ነው እማ?»

«የዘይት ነው። የማዳም ነው። እኔ ምን አውቄ!»

«ቀለሙ በመቀመጥ ብዛት ለቋል» አለች ቀስ ብላ። «ያቺ የሽንኩርት ጠረጴዛ ጠርዟ ላይ የካውያ ቃጠሎ አለባት፤ ሽንኩርት በካውያ አይከተፍም። እዚህ ግድግዳው ላይ የእጅ አሻራ ጠቁሯል፤ ሰው በየቀኑ እዚህ ተደግፎ ከመቀመጫው ይነሣል። ቪዲዮው ላይ ደግሞ ከሰባተኛው ሸሚዝ ጀምሮ ግራ እጅሽ ጨርቁን አይዘረጋም፤ ጠረጴዛውን ነው የያዘው። የትኛው ጉልበትሽ ነው እማ?»

ደሜ ፈላ። «ዩኒቨርሲቲ የላኩሽ እናትሽን እንድትሰልዪ ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። ጩኸቴ ግን መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጉልበቴንም፣ ፍርሃቴንም፣ የታኮ ጫማውንም ሳይቀር። «ትምህርትሽን ትተሽ እንዳትመጪብኝ ብዬ ነው» አልኳት።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቴን በሁለት እጇ ያዘችው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምትዪኝ አንቺ አልነበርሽ?» አለች እንባዋ እየወረደ። «ትምህርቴን አልተውም። ምን እንደምማር የገባኝ ገና ዛሬ ነው። ግን ያን ጠረጴዛ እናቴ ወደደችው ብዬ ካቀረብኩ ውሸታም ነኝ። ለመሄጃዬ አምስት ቀን ቀርቶኛል። ተነሽና እውነተኛውን አሳዪኝ።»

በባዶ እግሬ፣ ቆርቆሮዬ ላይ ተቀምጬ ተኮስኩላት። ማዳም ሐምዲያ ጩኸቱን ሰምታ መጥታ ነገሩን ስትረዳ በሶማልኛዋ «ናያ፣ አንቺ አበሩ! እኔ እኮ መቀመጥ የምትወጂ መስሎኝ ነበር! ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። የታመመች ሠራተኛ ማን ያኖራል ብዬ ነዋ! እሷ ግን ከጓዳ አሮጌ የብረት አልጋ አውጥታ «ይኸው፣ ቁረጡት» አለችን።

ጫላቸው «የመጀመሪያውን ብናሳጥረው አይቀልም?» ቢል መነን «እሱ እንዳይነካ» አለችው። ከአልጋው ብረት ሌላ ሠሩ። ይሄኛው ዝቅ ያለ ነው፤ ግማሽ ቆሜ ግማሽ ተቀምጬ የምሠራበት፣ ወደ ፊት ትንሽ ያዘነበለ መቀመጫ አለው። ለቀኝ እግሬ ማሳረፊያ አለው። በጎኑ ደግሞ እጀታ አለው፤ ቁመቱ ግድግዳው ላይ ካለው አሻራዬ ጋር እኩል። ስነሣ እጄ ሳልፈልገው ራሱ ሄዶ እዚያ ዐረፈ። ያን ጠዋት ሃያ ሸሚዝ ተኮስኩ፣ ጉልበቴም ድምፁን አላሰማም። ልጄን ቀና ብዬ አየኋትና ኮራሁባት፤ ሐኪም ቤት አምስቴ ሄጄ ማንም «ስትነሺ ምን ትይዣለሽ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

የመሄጃዋ ጠዋት ጫላቸው ጠረጴዛውን በአንሶላ ጠቅልሎ አውቶቡሱ ላይ አሰረላት። ስሜ፣ መርቄ ሸኘኋት። ቤት ተመልሼ ኩሽና ስገባ የእኔ ጠረጴዛ፣ ባለ መቀመጫው፣ ቦታው ላይ ቆሟል። አበስኩ ገበርኩ! የተጫነው ያ ረጅሙ ነው! ወዲያው ደወልኩ።

«መኒዬ፣ ውረጂ! ያ ጫላቸው አሳስቶ ጭኖልሻል!»

«አላሳሳተም እማ። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ታዲያ መምህራኑ ፊት ምን ልታሳዪ ነው? ስሕተትሽን?»

«አዎ» አለችና መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ አይነገርም። ጠረጴዛው በተመቸኝ ቁጥር ልጄን ከምረቃ የጣልኳት እየመሰለኝ፣ አንዳንድ ቀን በእልህ ቆርቆሮው ላይ ተመልሼ እቀመጥ ነበር። ማዳም «እብድ!» እያለች ታስነሣኛለች።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ስልኬ ጮኸ። መነን ትንፋሽ አጥሯት ታወራለች። ረጅሙን ጠረጴዛ መምህራኑ ፊት አቁማ «ይሄ የተሳሳተ ነው» ብላ ነው የጀመረችው። «እናቴ ታኮ ጫማ አድርጋ ጠበቀችኝ፤ እኔም ጫማውን ለካሁ እንጂ እናቴን አልለካሁም» አለቻቸው። የቆርቆሮውን ፎቶ፣ የግድግዳውን አሻራ፣ የሁለተኛውን ሥዕልና ቪዲዮ አሳየች። ከመምህራኑ ሁሉ የሚፈራው ሽማግሌ ታዲያ ደብተሩን ዘግቶ «ደንቡ ዕቃው እዚህ ይቁም ነው የሚለው። ትክክለኛው ጠረጴዛ የታለ?» አላት።

«ጅቡቲ ነው።»

«ለምን አላመጣሽውም?»

«ሥራ ላይ ነው» አለችው።

ሰውየው መነጽሩን አወልቆ ዓይኑን ጠረገ አለችኝ። «አለፍኩ እማ! በከፍተኛ ነጥብ አለፍኩ!»

እልልታዬ የማዳምን ሰፈር፣ ካርቲየ አምስትን፣ አዳረሰ። ማዳም ሐምዲያ ሽርጧን እየጎተተች ሮጣ መጣች። መነን ስልኩ ውስጥ እየሳቀችም እያለቀሰችም «አሁን ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ።

«እየተኮስኩ ነው» አልኳት፤ «ተቀምጬ።»