የባለቤት ስም

እህቴ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እያላት በእጇ ማጠብ ከጀመረች ሦስት ወር ሆናት። ማሽኑ መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ቆሟል፤ ላዩ ላይ የሳሙና ማስቀመጫና የልጇ ማበጠሪያ ተቀምጦበታል። እሷ ደግሞ እሱን ተደግፋ በርጩማ ላይ ቁጭ ትልና በሳፋ ታሻለች።

ሥራዋ ለኮት ገበር መስፋት ነው። ገበር ስስ ጨርቅ ነው፤ የተሰነጠቀ ጣት ሲያርፍበት ክሩን ይመዝዘዋል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ኮት ተመለሰባት። የስፌት ቤቱ ኃላፊ እጇን አገላብጣ አይታ፣ «አንቺ፣ ሲሚንቶ ታቦኪያለሽ እንዴ?» አለቻት። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፤ እህቴም አብራ ሳቀች። ለእኔ ስትነግረኝ ግን አልሳቀችም።

ማሽኑ አልተበላሸም። ችግሩ ወሬኛ መሆኑ ነው። ከኢንተርኔት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሲነሳም፣ ሲጨርስም፣ ምን ዓይነት እጥበት እንደተመረጠም ለባለቤቱ ስልክ መልእክት ይልካል። ያ ስልክ ያለው ደግሞ የቀድሞ ባሏ ኪስ ውስጥ ነው። ከተፋቱ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

መጀመሪያ ላይ ቀላል ነገር ነበር። ረፋድ ላይ ካጠበች «ዛሬ ሥራ አልገባሽም?» ብሎ ይጽፍላታል። እሑድ ካላጠበች «የት ሄዳችሁ ነው?» ይላታል። ችላ አለችው። ቆይቶ ግን ማሽኑ ላይ «አንሶላና ፎጣ» የሚለውን መቁጠር ጀመረ። «በሳምንት ሦስት ጊዜ አንሶላ? ማነው የሚያቆሽሸው?» ብሎ ጻፈላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሽኑን አልነካችውም።

አንሶላውን የምታቆሽሸው ልጃቸው ናት። ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ ከቤት ከወጣ ጀምሮ አልጋ ላይ ሽንት ያመልጣታል። ለማንም እንዳንናገር፣ ለአባቷ ደግሞ በጭራሽ እንዳንነግር፣ እናቷንም እኔንም አስምላናለች። እኔን «አጎቴ ይሙት በል» አለችኝ። አጎቷ እኔ ነኝ፤ ቢሆንም ማልኩላት።

እኔ ጥገና ቤት ነው የምሠራው። ብዙ ስለማልናገር የሥራ ጓደኞቼ «ሳይለንሰር» ይሉኛል። እንዲህ ያሉትን ማሽኖች ሰው ቤት እየሄድኩ የምተክለው እኔ ነኝ። ደንበኛ ጥቅሙን ሲጠይቀኝ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን እናገራለሁ፤ መንገድ ላይ ሆነው በስልክዎ ማስነሳት ይችላሉ እላለሁ። አንዲት እናት ታዲያ፣ «ልብሱን ማን ከተተው? ሲያልቅስ ማን ሊያሰጣው ነው? እሱንም ስልኬ ነው?» አሉኝ። 

ጥቅም የለውም ብዬ ግን አልዋሽም። አንድ ጊዜ እህቴ ቤት የማሽኑ ቱቦ ወልቆ ውኃው ሲፈስ፣ ወሬው ባሏ ስልክ ላይ ገባና ከሥራው በርሮ መጥቶ ዘጋው። የታች ቤት ጎረቤት ኮርኒስ በዚያ ተረፈ። ያን ቀን ሁላችንም ማሽኑን መርቀነው ነበር።

መጀመሪያ የሞከርኩት ቀላሉን ነው። የቤቱን ኢንተርኔት የይለፍ ቃል ቀየርኩት። ማሽኑ አልነሳ አለ። የማሽኑ መስታወት ላይ «ከባለቤት ጋር ይገናኙ» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

እህቴ ጽሑፉን አንብባ ወገቧን ያዘች። «ይኸውልህ፣ ሽማግሌ ሆኖ መጣ። ታረቂ እያለኝ ነው።»

የይለፍ ቃሉን ወደ ነበረበት መለስኩት። እሷም ወደ ማሽኑ ድርጅት ደወለች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አንዲት ትሑት ልጅ አነሳች።

«ማሽኑ የማን ነው?»

«የእኔ። የገዛሁት እኔ ነኝ።»

«እዚህ የሚያሳየኝ ባለቤት ግን ወንድ ነው።»

«እሱ ባለቤቴ ነበር።»

«እንግዲያው ልክ ነው፤ ባለቤት ነው።»

«የእኔ ባለቤት ነበር እንጂ የማሽኑ አይደለም።»

«የኔ እመቤት፣ እኔ የማየው የማሽኑን ባለቤት ነው።»

«የማሽኑ ባለቤት እኔ ነኝ እያልኩሽ ነው! ባለቤቴ ደግሞ አሁን ባለቤቴ አይደለም!»

ልጅቷ፣ «እባክዎ መስመር ላይ ይቆዩ» አለችና ሙዚቃ ለቀቀችብን። ስትመለስ፣ ባለቤቱ ራሱ ከስልኩ ላይ ካልሰረዘው በቀር እነሱ ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ነገረችን። ደንቡ የባለቤቱን ምስጢር ለመጠበቅ ነው አለች።

እህቴ ስልኩን ዘጋችና፣ «ይህን ስም የሞላው ማነው ግን?» አለች።

እጄን አወጣሁ፤ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ።

ማሽኑ የገባ ቀን እሷ ሥራ ላይ ነበረች። ከባሏ ስልክ ጋር ሳገናኘው ገና ከመጀመሪያው «የባለቤት ስም» ብሎ ጠየቀኝ። እህቴ ባለትዳር ናት፤ ባለቤቷ ደግሞ አጠገቤ ቆሞ ያየኛል። ስሙን እስከ አያቱ ጻፍኩት። አንድም ፊደል አልሳትኩም።

«አንተ ልጅ» አለች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ግን ቁጣውም ደከማት መሰለኝ፣ ሳፋውን አነሳች።

በማግሥቱ ሰውየው ሥራ ቦታ ሄድኩ። መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች የመንዳት አስተማሪ ነው። ሲያየኝ መኪናውን አስቆመና መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«አማቼ! ግባ፣ ከኋላ ግባ። አይዞህ፣ እስካሁን ማንንም አልገደልንም።»

መሪውን የያዘው ላብ ያጠመቀው ጎልማሳ ነበር። መኪናው ሁለት ጊዜ ዘሎ ተነሳ። «ፍሪሲዮኑን ቀስ፣ ቀስ ብለህ ልቀቅ፤ እንቁላል ረግጫለሁ በል» አለው አስተማሪው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ከስቷል። የሸሚዙ ኮሌታ ተጨማድዷል።

«ማሽኑን እንድትሰርዘው ነው፣ ጋሼ» አልኩት። እዚያ ድረስ ስሄድ ያጠናሁት ረጅም ንግግር ነበር፤ የወጣልኝ ይኸው ብቻ ነው።

«እኔ እኮ አልሰልላትም። ራሱ ነው የሚመጣው። ኪሴ ውስጥ ጭር ይላል። መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቤት ያለሁ ይመስለኛል።» ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። «ከዚያ አንሶላው መጣ።»

«ልታጠፍ?» አለ ሰልጣኙ።

«ቀጥ ብለህ ሂድ። ስማ አማቼ፣ አንተ ወንድሟ ነህ። ማን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ፤ አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ።» ስልኩን ወደ ኋላ ዘረጋልኝ። «ባለቤትነትን ሰርዝ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ላይ አውራ ጣቱ አንዣብቧል።

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ልጅህ ናት» ማለት ሁለት ቃል ነው። ይህን ቢሰማ ያፍራል፤ ይሰርዘዋል፤ ነገሩ ያልቃል። ግን ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ጋ ትውላለች። ፊቱን አንድ ጊዜ ካየችው እንደነገርነው ታውቃለች። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይስተውም።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

«ዝምታም መልስ ነው» አለ።

«አይደለም ጋሼ። ማንም የለም።»

«ታዲያ አንሶላው ራሱን ያቆሽሻል?»

በዚህ መሃል አስተማሪው እሱ ጋ ያለውን ፍሬን በኃይል ረገጠው፤ ግንባሬ የፊቱን ወንበር መታ። «ወንድሜ፣ ቀይ እኮ ነው! ዓይንህ የት ነው?»

«ይቅርታ» አለ ሰልጣኙ በመስተዋቱ እያየኝ፤ «ወሬያችሁን እየሰማሁ ነው።»

እዚያው መብራቱ ጋ ወረድኩ።

እሑድ ከቀትር በፊት መፍቻዎቼን ይዤ እህቴ ቤት ሄድኩ። ከሥራ ቦታ ከተጣለ አሮጌ ማሽን ላይ ታይመር ፈትቼ ነበር፤ በእጅ የሚጠመዘዝ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል። አለቃዬ ሳስፈቅደው፣ «ሳይለንሰር፣ ሰው አሮጌ ያድሳል፤ አንተ አዲሱን ልታስረጀው ነው?» ብሎኛል። ሐሳቤ ወሬውን የሚልከውን የማሽኑን ቦርድ ከነአንቴናው አውጥቼ ታይመሩን በቦታው መተካት ነበር። ካልተስማማው ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል፤ ይህንንም ለእህቴ ነገርኳት።

«እትዬ፣ ከተቃጠለ ማሽን አይኖርሽም።»

«አሁንስ አለኝ?» አለች።

ከአራት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። የሽቦዎቹ ቀለም አይመሳሰልም፤ አንዱን አገናኝቼ ሁለቱን እፈታለሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ቦርዱን ነቅዬ ወለሉ ላይ ሳስቀምጠው የእህቴ ልጅ በሩ ጋ መጥታ ቆመች።

«አጎቴ፣ አሁን ለማን ነው የሚናገረው?»

«ለማንም።»

«ለአንተም?»

«ለእኔም።»

ሄደች። ስትመለስ የተጠቀለለ አንሶላ በሁለት እጇ አቅፋ ነበር። አልጋ ሥር ደብቃው ኖሯል። ሁለት ቀን ሳይሆነው አይቀርም፤ ጠርዙ ደርቋል። እናቷ አንሶላውን አየችው፣ እኔንም አየችኝ። ልጅቷ ራሷ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው።

ታይመሩን ጠመዘዝኩት። ውኃው ገባ። ሞተሩ አጉረመረመና ከበሮው መዞር ጀመረ። ውኃ አያሞቅም፤ ምርጫ የለውም፤ አንድ ዓይነት እጥበት ብቻ ነው የሚያውቀው። ያጥባል ግን።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። እሱ ነበር።

«አማቼ፣ እነሱ ጋ መብራት ጠፋ እንዴ? ማሽኑ ከረፋድ ጀምሮ ግንኙነት የለም ይለኛል።»

አዎ ጠፋ ብለው ለዛሬ እገላገል ነበር። እህቴ ሳፋውን ግድግዳ ላይ ልትሰቅል እጇን እንዳነሳች ቆማ ትጠብቀኛለች።

«መብራት አለ ጋሼ» አልኩት። «የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት። 

«አንተ?» አለ።

«እኔ።»

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ልጅቷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ቅዳሜ ታያት የለ።»

ዘጋው።

«ይመጣ ይሆን?» አለች እህቴ።

«እንጃ።»

«ከመጣም እንደ ሰው በር ያንኳኳ።» ሳፋውን ሰቀለችና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትንሽ አየቻቸው፤ ከዚያ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ማሽኑ ከእንግዲህ ሲጨርስ አይናገርም። ስለዚህ በየመሃሉ እየተነሳሁ ደርሶ እንደሆነ አየሁላት። እሷ እዚያው ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷታል።